ትከሻው ላይ ከተቀመጠ ሌላው ይከተላል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ስንሰባሰብ በልክ ስለሚቀመጥ እጅጌ አጭር ሹራብ የተናገርኩት ነው። ያልመጣችሁ ብዙዎች ጠይቃችሁኛል። ብዙም ሳልነካካው ይኸው።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ! እንደምን ዋላችሁ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ለተቀመጣችሁት ይሰማል? ካልተሰማ እጅ አውጡ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዓይኔን ሳዞር በአንድ ግቢ አብረን የኖርን ሰዎችን አያለሁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ብዙ ሰፈር ሲፈርስ ተበታተንን። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዛችሁ ነው የደረሳችሁት። እኔ ሹራብ መሥራት የተማርኩት ከእናንተ ነው። በርጩማ ደጃፍ ላይ አውጥታችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ክሩን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ስትሠሩ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዛሬ የምናገረውም ያኔ ያሳያችሁኝን ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ርዕሳችን በልክ የሚቀመጥ እጅጌ አጭር ሹራብ ነው። ለምን እጅጌ አጭር? ከተማችንን ታውቋታላችሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። ጠዋት አራት ኪሎ ታክሲ ስትጠብቁ ብርዱ አጥንት ይገባል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማታ ደግሞ ተመልሶ ይበርዳል። እጅጌ አጭር ሹራብ ለዚህ አየር የተፈጠረ ነው። ጠዋት ከጃኬት ሥር፣ ቀን ብቻውን፣ ማታ ነጠላ ጣል ተደርጎበት።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ወፍራምና እጅጌ ረጅም ሹራብ ጥፋት ይሸፍናል። ሰፋ ቢል "ለብርድ ነው" ይባላል። እጅጌ አጭር ግን ምንም አይሸፍንም። ትከሻው ከወረደ ይታያል። ብብቱ ከተጨማደደ ይታያል። ስለዚህ እሱን በልክ መሥራት የቻለ ሰው ሌላውን ሁሉ ይችላል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ እጃችሁና ስለ ክሩ ነው። ሁለተኛው ሰውነትን ስለ መለካት ነው። ሦስተኛው ስለ ትከሻና ብብት ነው። ሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ምክንያቱም ሹራብ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ጨርቁ ራሱ ጥቂት ልበል።

አያቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷ አሁንም እኔ ጋ አለ። ለድር የሚሆነውን ክር አጥብቃ፣ ለማግ የሚሆነውን ላላ አድርጋ ነበር የምትፈትለው። ሸማኔው ድሩን ይዘረጋል፣ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ድር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ማግ ያቋርጠዋል። ሁለቱ ተያይዘው ሲጠብቁ የትም አይሄዱም። ለዚህ ነው ሸማ የማይለጠጠው። ለዚህም ነው ልብስ ሰፊ ጨርቁን ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ሰፍቶ ከሰውነት ጋር የሚያስማማው።

የኛ ሥራ ሌላ ነው። እኛ ጋ ድርም ማግም የለም። አንድ ክር ብቻ ነው ያለው። ያ ክር ይታጠፍና ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይገባል። እያንዳንዱን ቀለበት ዓይን እንለዋለን። ዓይኑ ሲጎተት ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ሹራብ የሚለጠጠው ለዚህ ነው።

እስቲ እንዲህ ብዬ ልጠይቃችሁ። በ1589 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ የሹራብ ሥራን በመሣሪያ መሥራት ቻለ። መሣሪያው የተሠራው ለምን ይመስላችኋል? ለካልሲ ነው! ለምን ለካልሲ? እግራችሁን እዩት። ባቱ ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚቱ ቀጭን፣ ተረከዙ ወደ ኋላ የወጣ። ድርና ማግ ያለው ጨርቅ ይህን ሁሉ ተከትሎ አይሄድም። ዓይን ያለው ግን ይሄዳል። እንግዲህ እግርን ማቀፍ የቻለ ነገር ደረትና ትከሻን ማቀፍ አያቅተውም።

ግን ይለጠጣል ብለን እንዘናጋለን። "ችግር የለም፣ ይለጠጣል" እንላለን። ልብ በሉልኝ። ሹራብ ይለጠጣል ማለት ልክ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። በትክክል የተሠራ ሹራብ ሲለጠጥ ሰውነትን ያቅፋል። በትክክል ያልተሠራው ሲለጠጥ ይወርዳል። ሌላም ነገር አለ። ልብስ ሰፊ ሲሳሳት መቀስ አለው። እኛ መቀስ የለንም። ቅርጹን ጨርቁን ከመሥራታችን ጋር አብረን ነው የምንሠራው። ስለዚህ ሥራው የሚያልቀው ገና የመጀመሪያው ዓይን ሳይጀመር ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። እጃችሁና ክሩ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እኅቴ መምህርት ሆና ተቀጠረች። በቤታችን የመጀመሪያዋ ደመወዝተኛ እሷ ናት። እትዬን ለመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ላለብሳት ፈለግኩ። ሰማያዊ ክር ገዛሁ። ከአንድ የውጭ መጽሔት ላይ የእጅጌ አጭር ሹራብ አሠራር አገኘሁ። እንዳለ ገለበጥኩት። ሦስት ወር ሠራሁ። ማታ ማታ እሷ ሳታየኝ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ።

ስትለብሰው ትከሻው ወደ ክንዷ ወረደ። ብብቷ ሥር እንደ ከረጢት ተጠራቀመ። እትዬ ግን አቀፈችኝ። ዓመቱን ሙሉ ለበሰችው። እኔ ግን ያየሁት ነገር አለ። ሁልጊዜ ላዩ ላይ ጃኬት ትደርብበት ነበር። በሚሞቅ ቀን እንኳ። አንድም ቀን ብቻውን አልለበሰችውም።

የጥግ ቤቷ እማማ አንድ ቀን ሹራቡን ገመድ ላይ ተሰጥቶ አዩት። ጠሩኝ። "ልጄ፣ ሙከራ ሠርተሽ ነበር?" አሉኝ። ምን ሙከራ? እኔ የማውቀው መጽሔቱን ነው። ሜትራቸውን አመጡና ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቆጠሩ። 20። መጽሔቱን አሳየኋቸው። 22 ይላል።

ሁለት ዓይን። ሁለት ዓይን ብቻ! ምን ያደርጋል ብላችሁ ልታስቡ ትችላላችሁ። እስቲ አብረን እናስላ። ሹራቡ ዙሪያውን 210 ዓይን ነበረው። በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ከሆነ፣ 210 ዓይን ወደ 95 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። 20 ከሆነ ግን 105 ነው። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት! የእትዬ ደረት 91 ነበር። ለእሷ ያልሆነ ሹራብ ሦስት ወር ሙሉ ሠራሁ ማለት ነው።

መጽሔቱ አልዋሸም። የጻፈችው ሴት እጅ 22 ነው የሚሠራው። የኔ እጅ 20። ሁለታችንም ልክ ነን። ግን ሹራቡን የምሠራው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ስለዚህ የሚሠራው የኔ ቁጥር ነው። ይህን ደግሜ እላለሁ። የሚሠራው የእናንተ ቁጥር ነው። የወረቀቱ አይደለም። የጎረቤታችሁም አይደለም።

ሙከራው እንዴት ይሠራል? ሹራቡን በምትሠሩበት ክርና በዚያው መርፌ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ቁመት ያለው ቁራጭ ሥሩ። ትንሽ አትሥሩ። ጠርዙ ሁልጊዜ ይዋሻል፣ ስለዚህ የሚለካው መሃሉ ነው። ከዚያ እጠቡት። አዎ፣ እጠቡት! ሹራቡ ነገ እንደሚታጠበው አድርጋችሁ እጠቡና ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ከደረቀ በኋላ መሃሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለኩ። ወደ ጎን ስንት ዓይን፣ ወደ ላይ ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ። ሁለቱንም ጻፉ።

ዓይኑ ከሚፈለገው በላይ ከበዛ ወፍራም መርፌ ሞክሩ። ካነሰ ቀጭን። ወይም መርፌውን ተዉትና ስሌቱን በራሳችሁ ቁጥር ሥሩ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጨርቁ ደስ ካለኝ፣ ሲነካ ለስላሳ ከሆነልኝ፣ ለምን እቀይረዋለሁ? ስሌቱ ይቀየር።

ለምን መታጠብ አለበት ላላችሁ፣ ክር ከክር ይለያያል። ጥጥ እንደ ሱፍ አይመለስም። ይከብዳል፣ ሲለበስ ወደ ታች ይረዝማል። የጥጥ ሙከራ ከሠራችሁ በመቆንጠጫ ሰቅላችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፣ እውነቱን ያወጣል። ሱፍ ተለጥጦ ይመለሳል። ውሃ ሲነካው ደግሞ ዘና ይላል፣ ዓይኑ ይስተካከላል። መርካቶ በብዛት የምናገኘው አክሪሊክ ነው። በታጠበ ቁጥር ብዙም አይለወጥም፤ ዋጋውም ይሻላል። ግን ካውያ አታስነኩት! እኔ አንድ ጊዜ ለሠርግ የሠራሁትን ነጭ ሹራብ በጋለ ካውያ ተጫንኩት። ዓይኑ ሁሉ ሞተ። ሉጫ ሆነ፣ ያብለጨልጫል፣ አይለጠጥም። አክሪሊክ አንዴ በእሳት ከተኛ አይነሳም። ሠርጉ በማግሥቱ ነበር።

ስለ ክር ሳነሳ፣ ሲገዛ የሚበቃውን ሁሉ አንዴ ግዙ። ለአንዲት ሴት እጅጌ አጭር፣ መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር፣ ከ300 እስከ 450 ግራም ይዛችሁ ብትነሱ አይጎድልባችሁም። በክሩ ወረቀት ላይ የቀለም መለያ ቁጥር አለ። ሁሉም አንድ ቁጥር ይሁን። ሰማያዊ ከሰማያዊ ይለያል። ሱቅ ውስጥ አይታይም፣ ደረት ላይ ሲሆን እንደ መስመር ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምርና ይህን ልዝጋ። እጃችሁ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አባቴ ታሞ በተኛ ጊዜ ሹራብ ይዤ ነበር። የሹራቡን የኋላ ክፍል ሠርቼ ጨርሻለሁ። የፊቱን ሆስፒታል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። ሁለቱም እኩል ረድፍ ነበራቸው። ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ግን የፊቱ በሦስት ሴንቲ ሜትር አጠረ። ለካ ጭንቀቴን ሁሉ ክሩ ላይ ነው ያጠበቅኩት። ያንን ፊት አልፈታሁትም። አባቴ አርፏል፤ ቁራጩ አሁንም ሣጥን ውስጥ አለ። እናንተ ግን መሃል ላይ ስትደርሱ እንደገና ለኩ። መጀመሪያ ለክቻለሁ ብላችሁ አትተዉት።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሰውነትን መለካት።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ሜትር ስታዩ ስንቶቻችሁ ሆዳችሁን ታስገባላችሁ? እየሳቃችሁ ነው፤ ሁላችንም ነን! ልካችንን ስንጠየቅ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን እንናገራለን። ከመውለዳችን በፊት የነበረውን። እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። ቁጥሩ ማንንም አይፈርድም። ሹራቡ የሚለበሰው ዛሬ ባላችሁ ገላ ነው። ያ ገላ ልጅ ተሸክሟል፣ እንስራ ተሸክሟል፣ ቤት ተሸክሟል። በልኩ ልብስ ይገባዋል።

ራሳችሁን አትለኩ፤ ሌላ ሰው ይለካችሁ። እጅ ሲነሳ ትከሻ ይቀየራል። ከሹራቡ ሥር የምትለብሱትን የውስጥ ልብስ ልበሱ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እንደ ወትሯችሁ ተንፍሱ።

ብዙ ሰው የሚለካው ደረት ብቻ ነው። የደረትን ትልቁን ቦታ ይለካል፣ በዚያ ቁጥር ሙሉ ሹራቡን ይሠራል። ስሕተት ነው። ሁለት የደረት ልክ ያስፈልጋል። አንደኛው ከጡት በላይ፣ ከብብት ሥር ዞሮ የሚለካው ነው። ሁለተኛው የጡቱ ሙላት ላይ ነው። ለምን ሁለት? ምክንያቱም አጥንታችሁ፣ ትከሻችሁ፣ አንገታችሁ የሚከተለው የላይኛውን ነው።

አንዲት እኅት መጣችልኝ። "ለእኔ ሹራብ አይሆነኝም" አለችኝ። "ደረቴ ላይ ሲሆን ትከሻዬ ላይ ይንዘላዘላል። ትከሻዬ ላይ ሲሆን ደረቴ ላይ ይወጠራል።" ለካኋት። የጡቷ ሙላት 104፣ ከጡት በላይ 94። አሥር ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ሁልጊዜ በ104 ነበር የምትሠራው። ትከሻዋ ግን የ94 ሰው ትከሻ ነው። እንዴት ይሁንላት?

ምን አደረግን? ሹራቡን ለላይኛው ልክ አሰላነው። የሚጎድለውን ስፋት ከፊት ብቻ ጨመርን፣ ከኋላ ምንም አልጨመርንም። ከብብት በታች ባለው የፊት ክፍል ከግራና ከቀኝ ጥቂት ጥቂት ዓይን እየጨመርን ሄድን፤ ከጡቱ በላይ ስንደርስ ደግሞ ቀነስነው። ጡት የሚወስደው ስፋት ብቻ አይደለም፣ ቁመትም ይወስዳል። ፊቱ ከኋላው ካልረዘመ ጠርዙ ከፊት ወደ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ ከጡቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ረድፉን ሳንጨርስ ከመንገድ ተመለስን። በሚቀጥለው ደግሞ ቀደም ብለን ተመለስን። እንዲህ እያልን ፊቱ ላይ ብቻ አራት ሴንቲ ሜትር ቁመት ጨመርን። ከውጭ አይታይም። ለብሳው ስትቆም ግን የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን ቀጥ አለ። መስተዋት ፊት ቆማ ዝም አለች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ሌሎቹ ልኮች ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከምትፈልጉት ርዝመት፣ የላይኛው ክንድ ዙሪያ ናቸው። በጀርባ በኩል ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት ደግሞ አትርሱ። እሱ ከሁሉም በላይ ነው። አሁን እመጣበታለሁ።

ከገላችን ልክ ላይ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ትርፍ ምን ያህል ይሁን? እንደ ፍላጎታችሁ ነው። ገላ ላይ ጥብቅ እንዲል ከፈለጋችሁ ከደረታችሁ ከሁለት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር አሳንሱ፣ ይለጠጥላችኋል። ዘና እንዲል ከፈለጋችሁ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ለጥጥ አሳንሱ አልልም። ሙሉ ቀን ተወጥሮ ውሎ ማታ ይላላል።

ሦስተኛው። ትከሻና ብብት። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ሹራብ ከምን ላይ ነው የሚንጠለጠለው? ከትከሻ! ወገቡ ላይ ቀበቶ የለውም። ደረቱ ላይ ቁልፍ የለውም። ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው ትከሻ ነው። ትከሻው ልክ ከሆነ ወገቡ ቢሰፋ እንኳ "እንዲህ ነው አሠራሩ" ይባላል። ትከሻው ከወረደ ግን ወገቡ እንደ ልክ ቢሠራም ሰውዬው የሌላ ሰው ልብስ የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ ትከሻ መጀመሪያ። ትከሻ፣ ትከሻ፣ ትከሻ።

በቁጥር እንየው። ሹራባችሁ ዙሪያው 96 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የኋላው ክፍል ግማሹ፣ 48 ነው። ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት ለካችሁ 37 አገኛችሁ። 48 ሲቀነስ 37፣ 11 ነው። ይህ 11 ሴንቲ ሜትር መጥፋት አለበት! የት ይጥፋ? ብብት ላይ። ከእያንዳንዱ ጎን አምስት ተኩል። በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዓይን የምትሠሩ ከሆነ አምስት ተኩል ሴንቲ ሜትር 12 ዓይን ነው። ብብት ላይ ስትደርሱ 5ቱን በአንድ ጊዜ ዝጉ፤ አንዱን ዓይን በሌላው ላይ እያሳለፋችሁ ከመርፌው አውጡ ማለቴ ነው። የቀሩትን 7 በየሁለት ረድፉ አንድ አንድ እያላችሁ ቀንሱ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ውጡ። በዚህ ስሌት ትከሻው አጥንቱ ላይ ይቀመጣል። አይወርድም።

እኔ ለእትዬ በሠራሁት ላይ ይህ ቅነሳ ስድስት ዓይን ብቻ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስድስት ይላል። የወረቀቷ ሴትዮ ትከሻ ሰፊ ነበር ማለት ነው።

የብብቱ ጥልቀትስ? ብብቱ ከተዘጋበት እስከ ትከሻው ጫፍ ያለው ነው። ለብዙ ሴቶች ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ግን ለኩት። ብዙ ሰው "እንዳያጠብቀኝ" ብሎ ያወርደዋል። ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ብብቱ ሲወርድ እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ሙሉ ሹራቡ አብሮ ይነሳል። ታክሲ ውስጥ መያዣ ስትይዙ ሆዳችሁ ይገለጣል። ብብቱ ከፍ ብሎ ወደ ገላ ሲጠጋ ነው እጅ ነፃ የሚሆነው። መጀመሪያ ስሰማው እኔም አላመንኩም ነበር። አንዱን ፈትቼ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ሠራሁት። ያን ጊዜ አመንኩ።

ትከሻ ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም። ከአንገት ወደ ክንድ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ከዘጋችሁት ከአንገቱ ሥር ይታጠፋል። በሦስት በአራት ደረጃ እየከፈላችሁ ዝጉ፣ ከክንድ በኩል ጀምራችሁ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ጋሼ ልንገራችሁ። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ አሮጌ ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀኝ ትከሻቸው ዕቃ ተሸክመዋል። ቀኙ ከግራው ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወርዷል። የገዙት ልብስ ሁሉ ወደ ቀኝ ይዞራል። ልጃቸው እጅጌ አጭር ሹራብ እንድሠራላቸው ለመነችኝ። ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ ለካሁ፣ ቀኙን በሁለት ሴንቲ ሜትር አሳጠርኩት። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ስታዩት ጠማማ ነው። እሳቸው ሲለብሱት ግን ቀጥ አለ። ደረታቸውን በእጃቸው ዳሰሱት። "ልጄ፣ ዛሬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ?" አሉኝ። ቀጥ ብለው ነው የቆሙት።

እጅጌው ላይ ጥቂት። የላይኛው ክንድ 30 ከሆነ 3 ጨምሩ፣ 33። በዚያው በ22ቱ ስሌት ወደ 72 ዓይን ይመጣል። ከብብት በላይ ያለው የእጅጌው አናት ቁመት የብብቱን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን። ብብቱ 19 ከሆነ አናቱ 12 ወይም 13። የአናቱን ዙሪያ በሜትር ለኩ፣ የብብቱንም ለኩ። እኩል ይሁኑ፣ ወይም እጅጌው በአንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይብለጥ። ብዙ ከበለጠ ትከሻ ላይ ያብጣል። ርዝመቱን በተመለከተ ምርጫዬን ልንገራችሁ። እጅጌው የጡቱ ሙላት ካለበት መስመር ላይ አያልቅ። የሚያያችሁ ሰው ዓይን ሁለቱን አገናኝቶ አንድ ሰፊ መስመር ያየዋል። ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል።

ስሌት ለሚከብዳችሁ ሌላ መንገድ አለ። ከአንገት ጀምሮ በባለ ገመድ መርፌ እየተዞረ ወደ ታች የሚሠራ አለ። እያሳደጋችሁት ስትሄዱ በአናታችሁ አጥልቃችሁ ትለኩታላችሁ። ብብት ላይ ስትደርሱ እጅጌውን ለይታችሁ በሌላ ክር ታቆዩታላችሁ። ለጀማሪ ደስ ይላል። እኔ ግን ትከሻ ላይ የተገጠመ እጅጌ እመርጣለሁ። ስፌቱ ክብደቱን ይይዝለታል፣ ቶሎ አይወርድም። በተለይ ለጥጥ።

አንገቱ ቀላል ነው። የፊቱ ከኋላው ዝቅ ይበል፤ ለክብ አንገት ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ስትዘጉት ግን ላላ አድርጉት። አንገቱ ጠብቆ ጭንቅላት ያላስገባ ስንት ቆንጆ ሹራብ አይቻለሁ! በወፍራም መርፌ ዝጉት፣ አለቀ።

ሲታጠብም ገመድ ላይ በመቆንጠጫ አትስቀሉት። ስትሠሩት የለፋችሁበት ትከሻ በአንድ ቀን ይረዝማል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን ጨምቁ፣ ከዚያ በልኩ ዘርግታችሁ አስተኙት። ክረምት ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ታገሡት።

ከሰባት ዓመት በፊት ለእትዬ ሁለተኛ ሹራብ ሠራሁላት። ያው ሰማያዊ። ጡረታ የወጣች ቀን። ይህኛውን ስሠራ በሙከራዬ 21 ዓይን ነበር የወጣው፣ ትከሻዋን በእጄ ለካሁ፣ ብብቱን 18 ተኩል ላይ ዘጋሁት። ዛሬ መጥታለች። እዚያ ከመስኮቱ አጠገብ ናት። እትዬ፣ እስቲ ተነሺ። እዩአት። ጃኬት ደርባለች?

ቡናው እየተቆላ ነው፣ ሽታው ደርሶኛል። እስኪፈላ ሥራ አለን። ሜትር ያመጣችሁ አውጡ፣ ያላመጣችሁ ከጎናችሁ ተጋሩ። ሁለት ሁለት ሁኑ። ወረቀትና እስክሪብቶ መግቢያው ላይ አለ። ሆድ አናስገባም፣ ተነጋግረናል። ከጀርባ እንጀምር፤ ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት።